«እጅ ስጥ» የሚለው ቁልፍ

ጂንካ ውስጥ አንድ የመምህራን ኮሌጅ አለ። ስሙን አልጠራም፤ በሩ ላይ የተተከለው ሰሌዳም ቀለሙ ከለቀቀ ወዲህ አይጠራውም። ይህ ኮሌጅ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አለው። ያልጎበኘው ኃላፊ የለም፤ ያነበበበት ሰው ግን ሲፈለግ ይዋላል። ኮምፒውተሮቹ ነጭ ዳንቴል ለብሰው ተደርድረዋል። ልዑክ ሲመጣ ዳንቴሉ ይገለጣል፤ የልዑኩ መሪ «በጣም የሚበረታታ ነው» ይላል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ዳንቴሉ ይመለሳል። ከዚያ ሁሉም የተሞክሮ ልውውጡን ለማጠናከር ወደ ሥጋ ቤት ይሄዳል።

የኮሌጁ ዲን አቶ ወንድይፍራው ቤተ መጻሕፍቱን የሚያዩት እንደ ሳሎን ሶፋ ነበር። ለእንግዳ ይታያል እንጂ የቤት ሰው አይቀመጥበትም።

ፕሮግራሙ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ነበር። በኋላ «ለተጠቃሚው ምቹና ተደራሽ ይሁን፤ ወደ አማርኛም ይመለስ» የሚል ትእዛዝ ከላይ መጣ። ትእዛዙ ሲንከባለል ሲንከባለል ኖላዊ ላይ አረፈ፤ ከኖላዊ በታች ሰው ስላልነበረ።

ኖላዊ የኮሌጁ የአይሲቲ ባለሙያ ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ ሲመጣ እናቱ ጂንካን ካርታ ላይ ፈልጋ አልቅሳ ነበር። አሁን ዕረፍት ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሲሄድ በብርዱ የሚያለቅሰው እሱ ነው። ትጉህ ልጅ ነው፤ ችግሩም ትጋቱ ነው። ቅዳሜና እሑድን መዝገበ ቃላት ታቅፎ ውሎ የእንግሊዝኛውን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ አዞረው። ሆም «ቤት» ሆነ። ባክ «ጀርባ» ሆነ። ሰው የፈለገውን ጽፎ ሲጨርስ የሚጫነው ሰብሚት የሚሉት ቁልፍ ላይ ሲደርስ መዝገበ ቃላቱን ገለጠ፤ የመጀመሪያው ፍቺ «እጅ መስጠት» ይላል። ሰኞ ጠዋት ሰማያዊው ቁልፍ ላይ በትልቁ «እጅ ስጥ» ተብሎ ተጻፈ። ማኔጅመንቱ አየው፤ አጸደቀው፤ ማኅተም አረፈበት።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ የፈለገ ተማሪ ቤት ይገባል፣ የመጽሐፉን ስም ይጽፋል፣ እጅ ይሰጣል። ያጉረመረመ የለም። እኛ ማሽን ካልገባን ጥፋቱ የእኛ ነው ብለን ነው የምንጀምረው። ተማሪዎቹ እንዲያውም ቃሉን ወደዱት፤ «ፈተናው እንዴት ነበር?» ሲባሉ «ገና በሩ ላይ እጅ ሰጠሁ» ይላሉ።

እጅ አልሰጥም ያለው ሰው የመጣው ከገዘር ነው።

መምህር ዕዝራ ገዘር ባለ አንድ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። ከዚያ በፊት ወታደር ነበር። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ሰሜን ነበር፤ የደንብ ልብሱን በጋቢ ለውጦ፣ በእግሩም በጭነት መኪናም እያለ፣ አጎቱ ወደሚነግዱበት ወደ ጂንካ ወረደ። ይህን ጉዞ ያልሰማ ገዘሬ የለም። ዕዝራ ታሪኩን የሚዘጋው ሁልጊዜ «እኔ እጅ ሰጥቼ አላውቅም» ብሎ ነው፤ ሚስቱ ጥሩዬም ሁልጊዜ «ማን ጠይቆህ?» ትላለች።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የዓይን ግፊት እይታውን እንደ አይጥ ከዳር ከዳሩ ሲበላበት ቆይቶ አሁን ብርሃንና ጨለማ መለየት ብቻ ቀርቶለታል። ማስተማሩን ግን አልተወም። ጥሩዬ እዚያው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ናት፤ እሷ ታነብለታለች፤ እሱ ሰምቶ ያስተምራል። ችግሩ ጥሩዬ አንባቢ ብቻ አለመሆኗ ነው። ሳንሱርም ናት። ግጥም ሲረዝምባት ትቆርጣለች። ሐዘን ስለማትወድ ሰው ሊሞት ሲል ገጽ ትገለብጣለች። ባሏ ዓይኑን ካጣ ጀምሮ በሰማቸው መጻሕፍት ሁሉ አንድም ሰው ሞቶ አያውቅም። ጉዱ የወጣው ባለፈው ማጠቃለያ ፈተና ላይ ነው። ጥያቄውን ያወጣው ሌላ መምህር ነበርና፣ «ሽማግሌው በምን ሞቱ?» ቢል ሰባተኛ ክፍል በሙሉ «አልሞቱም» ብሎ መለሰ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ደገፋ ዕዝራን ቢሮ አስጠሩት።

«እኔ ለአንተ ክፉ አላስብም» አሉት። «ግን አዲሱ መጽሐፍ በወረቀት አልደረሰንም። ጂንካ ኮሌጁ ኮምፒውተር ውስጥ አለ ይላሉ። መስከረም ሳይጠባ ራስህ አንብበህ ትምህርት ማዘጋጀት ከቻልክ ሰባተኛ ክፍል ያንተው ነው። ካልቻልክ የንብረት ክፍሉን ቁልፍ ትይዛለህ። ደመወዝህ አይነካም።»

«ንብረት ክፍሉ ውስጥ ምን አለ?»

«የተሰበሩ ዴስኮች።»

«የተሰበረ ዴስክ ጥያቄ አይጠይቅም፣ አቶ ደገፋ» አለ ዕዝራ።

በማግስቱ ባልና ሚስቱ በሚኒባስ ጂንካ ወረዱ፤ ከመናኸሪያ በባጃጅ ኮሌጁ በር ደረሱ። ኖላዊ ልዑክ የመጣ መስሎት ዳንቴሉን ገለጠ።

«ጉብኝት ነው?»

«ንባብ ነው» አለች ጥሩዬ።

ኖላዊ ትንሽ ደነገጠ፤ ከዚያ ደስ አለው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ጭኖ የሚጠቀምበት ሰው አጥቶ ነበርና። ዕዝራን አስቀምጦ የጆሮ ማዳመጫ አጠለቀለት። አንድ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ድምፁ ቀጥሎ ያለውን እንደሚነግረው አሳየው። ጥሩዬም መስማት ስለፈለገች አንደኛው ጆሮ ለእሷ ተሰጠ። ድምፁ ከጉንፋን ያገገመ የዜና አንባቢ ይመስላል፤ ማጥበቅና ማላላት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

«የመጀመሪያ ስም» አለ ድምፁ።

ዕዝራ ፊደሎቹን በዳሰሳ እየፈለገ ስሙን ጻፈ።

«የመጨረሻ ስም።»

«የማን የመጨረሻ ስም?»

«የመጨረሻዋ ልጃችን ኢየሩስ ናት» አለች ጥሩዬ። «እሷን ጻፍ።»

ኖላዊ «የአባት ስም ለማለት ነው» ብሎ አፉን እስኪከፍት ተጻፈ። ኮምፒውተሩም መዘገበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ዕዝራን በገዛ ልጁ ስም «እንኳን ደህና መጡ አቶ ኢየሩስ» እያለ ነው የሚቀበለው።

ዕዝራ የመጽሐፉን ርዕስ ጽፎ ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ቁልፍ ሄደ።

«እጅ ስጥ» አለ ድምፁ።

ዕዝራ ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አወለቀ።

«ማነው ይሄ?»

«የቱ ጋሼ?»

«እጅ ስጥ የሚለኝ።»

«ቁልፍ ነው። እሱን ሲጫኑ መጽሐፉ ይመጣል።»

«አልጫንም።»

«ጋሼ፣ ቃል ብቻ እኮ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ የማስተምረው ቃል ነው። ቃል ብቻ የሚባል ነገር የለም።»

ጥሩዬ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ሰው፣ በሰማንያ ሦስት እጅ ስጥ ያለህ የለም። ስታልፍ እንኳ ያየህ የለም።»

«ቢሉኝ አልሰጥም ነበር።»

«ይኸው አሁን ተባልክ።»

«ይኸው አልሰጥም አልኩ።»

ኖላዊ ሳቅም ንዴትም መጣበት። ቃሉ የጸደቀ መሆኑን፣ ማኅተም ያረፈበት መሆኑን፣ ስንት ልዑክ አይቶት አንድም ሰው ቅር እንዳላለው ነገራቸው። ጥሩዬ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ዓይንህን ጨፍነህ ሞክረኸዋል?»

«እኔ እኮ ነኝ የሠራሁት፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አይከብድህም።» ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ዓይኑ ላይ አሰረችለት። «እስኪ ግባ።»

ኖላዊ ማዳመጫውን አጠለቀና ድምፁን ክፍሉ እስኪሰማው አጉልቶ ጀመረ። «ቁልፍ» አለው ድምፁ። ተጫነው፤ ምን ቁልፍ እንደሆነ ግን ስም አልተሰጠውም። «ቁልፍ» አለው ደግሞ። «ቁልፍ። ቁልፍ። ጀርባ።» ጀርባን ሲጫን የጻፈው ሁሉ ጠፋ። እንደገና ጻፈ። «ቁልፍ። ምስል። ቁልፍ። ቤት።» ቤት ሲገባ መጽሐፍ ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ጠፋበት። ጥግ ላይ የተቀመጡ ጥቂት ተማሪዎች ሥራቸውን ትተው እያዩት ነው። በመጨረሻ የገጹን ቋንቋ ሳያውቅ ወደ ፈረንሳይኛ ለወጠውና ድምፁ ፈረንሳይኛውን በአማርኛ አፍ ሲያነብ መላው ክፍል በሳቅ ወደቀ።

ኖላዊ ነጠላውን ፈታ። ጆሮው ቀልቷል።

«የገዛ ቤቴ በር ጠፋኝ» አለ።

«አይዞህ» አለው ዕዝራ። «እጅ ብቻ እንዳትሰጥ።»

ኖላዊ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። ስም የሌላቸውን ቁልፎች ሁሉ ስም አወጣላቸው። «የመጨረሻ ስም» የሚለውን «የአባት ስም» አደረገው። «ጀርባ» «ተመለስ» ሆነ። «ቤት»ን «ዋና ገጽ» ቢለው ድምፁ ማጥበቅ ስለማይችል የውሃ ዋና አደረገው፤ ዕዝራም «ዋና አልችልም» አለ፤ «መነሻ» ተባለ። ይህን ሁሉ ኖላዊ በዝምታ ሠራው። «እጅ ስጥ»ን ግን በዝምታ መንካት አልቻለም፤ በማኅተም የመጣ ቃል በማኅተም ነው የሚሄደው።

አቶ ወንድይፍራው ኮሚቴ ሰበሰቡ። ሬጅስትራሩ መጡ፤ የሰው ኃይል ኃላፊው መጡ፤ ዕዝራ በተጠቃሚ ተወካይነት ተጠራ። ጥሩዬ በማንም ተወካይነት አልተጠራችም፤ መጣች።

«አንድ ቃል ለመቀየር ይህን ያህል?» አሉ ዲኑ። «ለመሆኑ ምን ይባልልን?»

«አስረክብ» አሉ የሰው ኃይል ኃላፊው።

«ከእጅ ስጥ ቀጥሎ የሚመጣው እኮ አስረክብ ነው» አለ ዕዝራ። «እጄን ሰጥቼ መሣሪያዬን ልቀጥል?»

«አቅርብ» አሉ ሬጅስትራሩ።

«ምን? አስተናጋጅ ነኝ?» አለች ጥሩዬ።

«ላክ» አለ ኖላዊ።

«ወዴት?» አሉ ዲኑ። «ኮምፒውተሩ እዚሁ አይደል እንዴ?»

ብዙ ተባለ። ሻይ መጣ፣ ተጠጣ። ዕዝራ ብርጭቆውን አስቀመጠና እንዲህ አለ፦

«ጂንካ ገበያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐመሩም፣ አሪውም፣ ከሰሜን የመጣው ነጋዴም ይገናኛል። አማርኛ የሚያውቅም የማያውቅም አለ። እሺ የማትገባው ሰው ግን አይቻለሁ የሚል እጁን ያውጣ። ከገዘር እስከ ሃና እሺን ያልሰማ የለም። እሺ ይበልጣል ከሺህ። እሺ በሉት።»

ሬጅስትራሩ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ዲኑ ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ጥሩ ነበር፣ መምህር። ግን እሺ በመሥሪያ ቤት ትርጉሙ ሌላ ነው።»

«ምንድን ነው?»

«ነገ ተመለስ ማለት ነው» አሉ አቶ ወንድይፍራው፤ ቀልድ አልነበረም።

«ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ቀንማ እውነትም ነገ ተመለስ ነው» አለ ኖላዊ።

«እሺ» በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እጅ አውጡ ሲባል ዕዝራ እንኳ አወጣ፤ ጥሩዬ «ማውጣትና መስጠት ልዩነት አለው» ብላ በጆሮው አንሾካሾከችለት።

በማግስቱ ዕዝራ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። አቶ ኢየሩስ ተብሎ ሰላምታ ተሰጠው። ርዕሱን ጻፈ። ቀጠለ። «እሺ» አለ ድምፁ፤ ዕዝራም «እሺ» አለና ተጫነ። መጽሐፉ ተከፈተ።

«ምስል» አለ ድምፁ። «ምስል። ምስል። ምስል።»

ዕዝራ ጠበቀ። ሌላ አልመጣም። ከፊቱ ላይ ደስታው እንደ መብራት ጠፋ።

«ምን ማለቱ ነው?» አለ።

ኖላዊ ጎኑ ተንበረከከ። «ጋሼ፣ መጽሐፉ ተተይቦ አልገባም። ገጹ ፎቶ እየተነሣ ነው የገባው። ለሚያይ ሰው ጽሑፍ ነው፤ ለማሽኑ ግን ሥዕል ነው። ልክ ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ የመጽሐፍ ፎቶ።»

«እንግዲህ ንብረት ክፍሉ ጠበቀኝ» አለ ዕዝራ።

«አልጠበቀዎትም። ሥዕሉን ወደ ፊደል የሚመልስ ፕሮግራም አለ። ብቻ ይሳሳታል። ‹ሰ›ን ‹ለ› ያደርጋል፤ ‹በ›ን ‹ቡ› ያደርጋል። ፎቶውን እያየ ፊደሉን የሚያርም ዓይን ያለው ሰው ያስፈልጋል።»

ሁለቱም ወደ ጥሩዬ ዞሩ፤ አንዱ በዓይኑ አንዱ በጆሮው።

«ከሰው ሁሉ እሷን?» አለ ዕዝራ።

«ምን አጠፋሁ?»

«አራት ዓመት ሙሉ ሰው አልሞተም፣ ጥሩዬ።»

«ይህን ያህል ሞት ካማረህ ይኸው» አለች እጇን አንሥታ። «በማርያም፣ አንድ ፊደል አልቀንስብህም።»

ክረምቱን ጥሩዬ እህቷ ቤት ጂንካ እያደረች ኮሌጁ ውስጥ ስታርም ዋለች። ሒሳብ አስተማሪ ናትና ስሕተት ማደን ትወዳለች። ኖላዊ ጎኗ ተቀምጦ ሌሎቹን መጻሕፍት ወደ ፊደል ይመልሳል። ተማሪዎችም በአንድ ምክንያት ወይም በሌላ መምጣት ጀመሩ፤ ቁልፎቹ ሰው በሚገባው አማርኛ መናገር ከጀመሩ ወዲህ መጽሐፍ ለማግኘት ኖላዊን መለመን ቀርቷል። አንዳንዱ መጽሐፉን በስልኩ አድርጎ ይሄዳል። ዳንቴሉ መንገድ ላይ እየገባ ስላስቸገረ ተጣጥፎ መሳቢያ ገባ። አቶ ወንድይፍራው አንድ ቀን ብቅ ብለው ወንበር ሁሉ ተይዞ አዩና «ጎብኚ ቢመጣ የት ይቆማል?» ብለው ተጨነቁ።

መስከረም ሊጠባ ሲል አቶ ደገፋ ለቅዳሜ ገበያ ጂንካ ወረዱ። የገዟትን ዶሮ ዘበኛው ጋ አስቀምጠው ቤተ መጻሕፍቱ ገቡ። ዲኑም የኮሌጃቸው ስም የሚነሣበት ነገር ነው ብለው መጡ። ኖላዊ ሁሉም እንዲሰማ ማዳመጫውን ነቅሎ ድምፅ ማጉያ ሰካ።

«ሦስተኛውን ምዕራፍ» አሉ አቶ ደገፋ። «ራስህ ክፈተው። ሰምተህ ስትጨርስ ምን እንደምታስተምርበት ትነግረኛለህ።»

ዕዝራ ማንንም ሳይጠይቅ ገባ፣ ፈለገ፣ እሺ አለ፣ ከፈተ። ድምፁ ማንበብ ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ንብ አበባውን ቀስሞ ማር የሚሠራበት ዛፍ ተክለው እስኪያብብ ስለ መጠበቃቸው የሚናገር ታሪክ ነው። ዕዝራ አገጩን በእጁ ይዞ ያዳምጣል። ድምፁ ያለ አንዳች ሐዘን፣ የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው፣ ወደ መጨረሻው ደረሰ።

«ዛፉ ባበበ በሣልስቱ ሽማግሌው ሞቱ።»

ዕዝራ ቀና አለ።

«ሞቱ?»

«ሞቱ» አለች ጥሩዬ፣ ወደ መስኮቱ እያየች።

የዕዝራ ፊት በራ። ሰው ሞቶ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አቶ ደገፋ አይተው አያውቁም። ድምፁ ግን አላበቃም።

«እኔ ሽማግሌው ባይሞቱ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ስለማልኩ ትቼዋለሁ። የሚቀጥለው ግጥም ረዝሟል፤ ሁለተኛውን አንጓ ብትዘለው የሚጎድልብህ ነገር የለም። ዕዝራ፣ የዓይን ጠብታህን አድርገሃል? ካላደረግህ አሁን አድርግ፤ ቦርሳህ ጎን ኪስ ውስጥ ነው። ግጥም።»

ግጥሙም ሙሉውን ተነበበ፤ ሁለተኛው አንጓ ሳይቀር።

አቶ ደገፋ ወደ ዲኑ ዞሩ። «ይሄ የጠብታው ነገር ከሥርዓተ ትምህርቱ ነው?»

«በማኔጅመንት አልጸደቀም» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

ጥሩዬ ነጠላዋን አስተካከለች። «አልቀንስም አልኩ እንጂ አልጨምርም አላልኩም።»

ዕዝራ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወንበሩን ወደ ርዕሰ መምህሩ ድምፅ አዞረ። «እንግዲህ ትምህርቱ ይህ ነው» አለ። «አንተ ሰባተኛ ክፍል ነህ። ሽማግሌው ዛፉ እስኪያብብ ጠብቀው ለምን ሞቱ?»

አቶ ደገፋ «አርጅተው» አሉ።

«ማርጀትማ ቀድመው አርጅተዋል። ያን ጊዜ ለምን አልሞቱም?»

አቶ ደገፋ አሰቡ። ዲኑም ሳይጠየቁ አሰቡ። ኖላዊ እጁን አወጣ። አንዱ «የሚጠብቁት ስላለቀ» አለ፤ አንዱ «አይ፣ ማሩን ለልጆቹ ስለተዉ» አለ፤ ጥሩዬ «ማንም ስላልተንከባከባቸው ነው፤ ሚስት የላቸውማ» አለች። ክርክሩ ሞቆ ዘበኛው ጋ የተቀመጠችው ዶሮ እስክትጮህ ድረስ ቆየ። አቶ ደገፋ ተነሥተው ኮታቸውን አራገፉ።

«ሰባተኛ ክፍል ያንተ ነው» አሉ። «ለንብረት ክፍሉ ቁልፍ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ሁለቱ ኃላፊዎች ሲወጡ ኖላዊ ሙሉውን መጽሐፍ ዕዝራ ስልክ ላይ ጫነለት፤ ገዘር ሆኖም እንዲሰማው። ሊጨርስ ሲል እጁን ገታ አደረገ።

«ጋሼ፣ የእትዬ ጥሩዬን አስተያየቶች ላውጣቸው? ብዙ ናቸው። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሁሉ አለ።»



«የመጽሐፉን ቅጂ ለሌላው አንባቢ አጽዳው» አለ ዕዝራ። «የእኔን ተወው።»

ጥሩዬ የቦርሳውን ጎን ኪስ ከፍታ ጠብታውን አወጣች። «ቀና በል።»

ዕዝራ ቀና አለ። አንድ አንድ ጠብታ ገባለት።

«እንግዲህ ለእኔ እጅ ሰጠህ ማለት ነው» አለች ክዳኑን እየዘጋች።

«የለም» አለ ዓይኑን ጨፍኖ። «እሺ ነው ያልኩት።»